ከቡና እስከ ዱራንታ፦ ለጅማ ግቢ በበጋ ፍሬ የሚያሳይ ቁጥቋጦ ስንመርጥ

ጎረቤቴ እትዬ ባለፈው ጥቅምት ስልካቸውን ይዘው ቤቴ መጡ። እንግሊዝ አገር ያለችው ልጃቸው ፎቶ ልካላቸው ነበር። ከወገብ የማያልፍ ክብ ቁጥቋጦ፣ ቅጠሉ ቅቤ የተቀባ የሚመስል፣ በየጫፉ ቀይ ፍሬ የተንዠረገገበት፣ በላዩ ላይ ስስ በረዶ። «ልጄ፣ ይቺን እኛ ግቢ ማብቀል አይቻልም?» አሉኝ። ከበራቸው እስከ በረንዳቸው አምስት ሜትር የሚሆን ባዶ ቦታ አለ። ክረምቱን ሣር ይለብሳል፤ በጋ ሲገባ ቀይ አፈር ብቻ ይቀራል።

በፎቶው ላይ ያለችው ስኪሚያ ትባላለች። አገሯ ጃፓን፣ ቻይናና የሂማላያ ተራሮች ናቸው። ጥላና ኮምጣጣ አፈር ትወዳለች፣ አንድ ሜትር ገደማ ደርሳ ትቆማለች፣ ቅጠሏን ዓመቱን ሙሉ አታረግፍም። ፍሬዋ ከቀላ በኋላ ብርዱን ሁሉ ሳይረግፍ ይቆያል። እንግሊዞች ሌላው ዛፍ ሁሉ ራቁቱን በሚቆምበት ወቅት ደጃቸውን በእሷ ያደምቃሉ። ሌላም ጠባይ አላት፤ አብዛኞቹ ዓይነቶቿ ወንዴና ሴቴያቸው ለየብቻ ነው። ሴቴዋን ብቻ የተከለ ሰው ቅጠል እንጂ ፍሬ አያይም።

ለእትዬ የሰጠኋቸው መልስ ረዘመ፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ይህንኑ ስለጠየቁኝ ነው የምጽፈው። ጅማ ላይ ዛፍ ሁሉ ራቁቱን አይቆምም። እኛ የምንቸገረው አረንጓዴ ሳይሆን ቀለም ነው፤ በበጋ ከአጥሩ ሥር የሚታይ፣ ደጁን ሰው የሚኖርበት የሚያስመስል ነገር ነው የሚጠፋን። ስለዚህ ስኪሚያን ራሷን ከማሳደድ እሷ በአገሯ የምትሠራውን ሥራ እዚህ የሚሠራልንን መፈለግ ይሻላል።

አንድ የቃል ነገርም ላንሳ። የውጭ የአትክልት ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በክረምት የሚያፈራ» ይባላል። የእነሱ ክረምት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ብርድ ነው፤ የእኛ ክረምት ደግሞ ሰኔ ገብቶ መስከረም የሚወጣው ዝናብ ነው። በዚህ ምክንያት በሐምሌ ፍሬ ሲጠብቁ የከረሙ ሰዎች አውቃለሁ። እኔ እዚህ ፍሬ የምፈልገው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው፤ ሌሊቱ የሚበርድበት፣ ቀኑ የሚያቃጥልበት፣ ውኃም በፈረቃ የሚመጣበት።

ለዚህ ሥራ ጅማ የተመቸች ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ትገኛለች፣ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፣ ቀዩ አፈሯም ወደ ኮምጣጣነት ያደላል። ስኪሚያንም ብትሆን አፈሩ ላይከፋት ይችል ነበር። ነገር ግን ችግኝ ያለ ፈቃድና ያለ ጤንነት ማረጋገጫ ከውጭ ይዞ መግባት አይፈቀድም፤ ሕጉንም ከልቤ እደግፈዋለሁ። በቡና የሚኖር አገር ውስጥ በሻንጣ የገባ አንድ የታመመ ሥር ሊያመጣ የሚችለውን መገመት አይከብድም። «ልጅዎ ሲመጡ ያምጡልኝ» የሚል ካለ እባካችሁ ተዉት።

መጀመሪያ ቡና

የጅማ ሰው ቡናን ጌጥ ብሎ አያስበውም። ቡና ገንዘብ ነው፣ ቡና ጎረቤት መጥሪያ ነው። ከልጅነታችን ስላየነው ዓይናችን ዘሎት ይሄዳል። እስቲ በኅዳር አንድ የቀላ የቡና እግር አጠገብ ቆማችሁ ዝም ብላችሁ እዩት። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ጠርዙ እንደ ጨርቅ ጥልፍ ይሞገዳል፣ ጤዛ ሲያርፍበት ያብረቀርቃል። ፍሬው አንጓ አንጓውን ከብቦ ይቀመጣል፤ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴው፣ ቢጫው፣ ብርቱካንማውና ደም የመሰለው አብረው ይታያሉ። በውጭ አገር ለቅጠሉ ውበት ብለው ሳሎን ውስጥ በማሰሮ የሚያሳድጉት አሉ። እኛ ደጅ የበቀለውን ነቅለን ሌላ እንፈልጋለን።

ችግሩ ቁመቱ ነው። ዝም ብለው የተዉት ቡና በጥቂት ዓመት ከበሩ ጉበን በላይ ይሄዳል፣ ፍሬውም ወደ ላይ እየሸሸ ከዓይን ይርቃል። መፍትሔው ግን እዚሁ ከተማው አጠገብ፣ መልኮ ካለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ከታየ በኋላ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ እናት ዛፎችን ፍለጋ ጫካ ለጫካ ዞሩ። ዛሬ ገበሬው በቁጥር ብቻ የሚጠራቸው 74110 እና 74112 ከዚያ ፍለጋ የተገኙ ናቸው፤ እናቶቻቸው ኢሉባቦር ውስጥ መቱ አካባቢ ቢሻሪ ከሚባል ቦታ ናቸው። ፊት ላይ ያለው 74 የተመረጡበትን 1974ን ያሳያል፤ ለገበሬ የተለቀቁት በ1979 ነው፣ ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር። የተመረጡት ለበሽታ ቢሆንም ለግቢ የሚመች ጠባይ ይዘው መጡ፤ ቅርንጫፋቸው የተጠጋጋ፣ ቅጠላቸው አነስ ያለ፣ አካላቸው የተሰበሰበ ነው። ከችግኝ ሻጭ ስትገዙ «ቡና» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ቁጥሩን ጠይቁ። ቁጥሩን የማያውቅ ሻጭ ከሆነ ሌላ ጋ ሂዱ።

ቡና ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ አንድ እግር ብቻውን ቢተከል ያፈራል። እንደ ስኪሚያ ባል አይፈለግለትም። አበባውም ተጨማሪ ስጦታ ነው። ከበጋው በኋላ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ በጣለ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ቅርንጫፉ በአንድ ሌሊት ነጭ ይሆናል። ሁለት ሦስት ቀን ነው የሚቆየው፤ በዚያ ሁለት ሦስት ቀን ግን መስኮት ከፍቶ ማደር ነው።

ልጅ ቢቀጥፈው አያስፈራም። የቀላውን ፍሬ በሁለት ጣት ሲጫኑት ሁለቱ ፍሬዎች ተንሸራተው ይወጣሉ፣ የሚያዳልጠው ልባስ ጣፋጭ ነው፤ ጅማ ያደገ ሰው ሁሉ መጦ የተፋው ነው። ከዝርዝሬ ውስጥ ትንሽ ልጅ ላለበት ግቢ ያለ ስጋት የምመክረው ቡናን ነው።

አሁን የሚያስቸግረውን ልናገር። ቡና የቀትር ፀሐይ ቀጥታ ሲመታው ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። የጠዋት ፀሐይ አግኝቶ ከሰዓት ጥላ የሚያርፍበት ቦታ ስጡት፤ ቤታችሁ ወደ ምሥራቅ ከዞረ የፊት ለፊቱ ቦታ የእሱ ነው። ሁለተኛ፣ በአንድ ዓመት ፍሬ አብዝቶ ከያዘ በሚቀጥለው ይደክማል፤ ለጌጥ የተከለ ሰው ከበዛው ላይ ገና አረንጓዴ ሳለ ትንሽ ቢያራግፍለት ዓመት በዓመት እኩል ያያል። ሦስተኛ፣ ፍሬው ስላማረ ብላችሁ እስከ መጋቢት አታቆዩት፤ ደርቆ የቀረ ፍሬ የፍሬ ቦርቧሪ ነፍሳት መራቢያ ይሆናል። ጥር ላይ ለቅማችሁ ጨርሱ። ቆልታችሁ ብትጠጡትማ እሰየው።

አራተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። የቡና አድርቅ በሽታ የሚገባው በቁስል ነው። በእግሩ ዙሪያ ያለውን ሣር በማጭድ ወይም በገጀራ ስትመቱ ግንዱን ትንሽ ከጫራችሁት ለበሽታው በር ከፈታችሁ ማለት ነው፤ ከታመመ እግር የተነሳው ማጭድም ወደ ጤነኛው ያሻግረዋል። አንድ የሚያምር፣ ፍሬ የጫነ ቡና በአንድ ወገኑ ጠውልጎ ቀጥሎም እንዳለ ሲደርቅ አይቻለሁ፣ ያሳዝናል። በግቢ ውስጥ ያለ ቡና ዙሪያውን በእጅ ነው የሚታረመው።

ቀጨሞ፣ ለፀሐይና ለመቀስ

ቀጨሞን ብዙ ሰው የሚያውቀው በመድኃኒትነቱ ነው፤ ፍሬው እንደ እንቆቆ ለኮሶ ትል ይወሰዳል። እኔ ግን የስኪሚያን ፎቶ ሳይ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። ከአዞረስ ደሴቶች ጀምሮ አፍሪካን አቋርጦ እስከ ሂማላያና ቻይና ድረስ የሚበቅል፣ በሌላው ዓለም የአትክልት ሰዎች ለአጭር አጥር ብለው የሚገዙት ተክል ነው። እኛ ዘንድ ከተራራ ጥግ ለማገዶ ይቆረጣል።

ቅጠሉ የጣት ጥፍር ታህላለች፣ ጫፏ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ አላት፣ ለጋው ቅርንጫፍ ወደ ቀይ ያደላል። ቁመቱ ከሰው ቁመት ብዙ አያልፍም፣ በመቀስ ከያዙት ደግሞ ጉልበት ላይ ይቆማል። ኳስ አድርጉት፣ ግድግዳ አድርጉት፣ ይታዘዛል። ፀሐይ ይችላል፣ ሥር ከያዘ በኋላ ጥማትም ይችላል። ያዘገማል እንጂ፤ ለሦስት ዓመት ትዕግሥት የሌለው ሰው አይትከለው።

ፍሬው ከአተር ያንሳል። ግንዱ ላይ በየቅጠሉ ሥር ተለጥፎ ይቀመጣል፣ ቀልቶ ይቆይና ወይን ጠጅ ወደ መምሰል ይሄዳል። ከመንገድ አይታይም። የሚታየው በአጠገቡ ለሚያልፍ፣ ጎንበስ ለሚል ሰው ነው። ስለዚህ ከበር እስከ በረንዳ ባለ መተላለፊያ ዳር እንጂ ከውጭ አጥር ላይ አትክሉት፤ ልፋታችሁ ይባክናል።

እኔ ከቀጨሞ ጋር ያሳለፍኩትን ልንገራችሁ፣ እናንተ አትድገሙት። ስምንት ችግኝ ከአንድ ሻጭ ገዛሁ፤ ሁሉም አንድ ቁመት፣ አንድ ቀለም፣ ደስ የሚሉ። በመተላለፊያው ዳር ደረደርኳቸው። ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት፣ አንድም ፍሬ የለም። ማዳበሪያ ጨመርኩ፣ ውኃ ቀነስኩ፣ ጨመርኩ። በመጨረሻ አንድ ቀን አበባ ላይ ሳሉ ነጭ ወረቀት ሥራቸው ይዤ ቅርንጫፉን መታ መታ አደረግሁ፤ ከስምንቱም ቢጫ ዱቄት ወረደ። ስምንቱም ወንዴ ነበሩ። ቀጨሞ እንደ ፓፓያ ነው፤ ወንዴው ለብቻው፣ ሴቴዋ ለብቻዋ ናት። ሻጩ ስምንቱንም ከአንድ እናት ግንድ ቆርጦ ነበር ያበቀላቸው፤ ከአንድ ግንድ የተቆረጠ ደግሞ ሁሉም ያው ነው። ወንዴ ፓፓያ ዘንድሮ ያፈራል እያለ ዓመታት የጠበቀ ሰው ይህን ይረዳኛል።

ስለዚህ ቀጨሞ ስትገዙ ፍሬ ይዞ ያያችሁትን ግዙ፣ በጋ ላይም ቢሆን። ሰኔ እስኪደርስ በላስቲኩ እንዳለ ጥላ ሥር አቆዩት። ፍሬ የያዘ ሦስት አራት ችግኝ ካገኛችሁ ፍሬ የሌለው አንድ ችግኝ ጨምሩ። ከዘር የበቀለ ከሆነ ደግሞ አምስት ስድስት ትከሉና ዕድላችሁን ጠብቁ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት የመሆኑ ነገር ጠባብ ነው። ፍሬው መድኃኒት መሆኑንም አትርሱ። መጠኑን የማያውቅ ልጅ እንደ ቆሎ የሚቆረጥመው ነገር አይደለም።

አጋም

ለውጭ አጥር፣ ሰውና ከብት በሚያልፍበት በኩል ከሆነ፣ ከአጋም የሚወዳደር አላውቅም። ኦሮምኛ የሚናገሩ ጎረቤቶቻችን ሀገምሳ ይሉታል። ቅጠሉ አይረግፍም፣ ነጭ ሆኖ ሮዝ የነካው አበባው ያውዳል፣ ፍሬው ቀልቶ ሲበስል ይጠቁራል፣ ሲጠቁር ይበላል። ወፉም ልጁም ይሻማበታል። ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል፤ ልብስ ላይ ከደረቀ አይለቅም፣ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ።

«ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» ይባል የለም? ይህ ለአትክልተኛም ቀጥተኛ ምክር ነው። የአጋም እሾህ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ጎረቤቱን ይወጋል። ከቡናም ከጽጌረዳም ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል አርቁት፤ ከበር፣ ከውኃ ቧንቧና ልብስ ከሚሰጣበት ገመድም እንዲሁ። አምስት ሜትር ላለው እንደ እትዬ ዓይነት ቦታ አይሆንም። እሾሁን ለመግራት በየወሩ የሚከረክሙት አሉ፣ ግን አበባ የሚያወጣውን ጫፍ ስለሚያነሱት እሾህ ብቻ ይቀራቸዋል።

አሁን የምለውን በጥንቃቄ አንብቡልኝ። አጋምን የሚመስል፣ እንደሱ ቅጠሉ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ፣ አበባው ነጭና ሮዝ ሆኖ የሚያውድ፣ ፍሬው ቀልቶ የሚጠቁር ሌላ ቁጥቋጦ አለ፤ ምረንዝ ይባላል፣ በኦሮምኛ ቀራሩ። ከጥንት ጀምሮ ለቀስት ጫፍ መርዝ የሚቀመምበት ነው፤ መርዙ ልብን ያቆማል። የሚለየው በእሾህ ነው። አጋም እሾህ አለው፣ ምረንዝ የለውም። ከዱር ቆፍሮ የመጣ «እሾህ የሌለው አጋም» ብለው ቢሸጡላችሁ፣ በነፃ እንኳን ቢሆን፣ አትቀበሉ።

ዱራንታ፣ ሁሉም ደጅ ያለው

ዱራንታ ከአሜሪካ ሞቃት አገሮች የመጣ ነው። ቁራጩን መሬት ላይ ቢሰኩት ይበቅላል፣ በአንድ ዓመት አጥር ይሆናል፣ ወርቃማ ቅጠል ያለውም አለ፣ ርካሽ ነው። ሰው ለምን እንደሚወደው ይገባኛል። ሐምራዊ አበባው ቢራቢሮ ይጠራል፣ ቢጫ ፍሬው ደግሞ እንደ ጨሌ ዘለላ ሆኖ ይንጠለጠላል።

ያ ፍሬ መርዛማ ነው። የእህቴ ልጅ በአራት ዓመቷ «ወርቅ ነው» ብላ በኪሷ ሞልታ፣ ጥቂቱንም ዋጠች። ማታ ትውከት፣ ከዚያ ትኩሳት፣ ከዚያ ዓይኗን መግለጥ እስከሚያቅታት እንቅልፍ። ያደረሷት ጤና ተቋም ምን እንደበላች አያውቅም፤ እኛም አናውቅም። ጠዋት ልብሷን ሳጥብ ነው ከኪሷ ቢጫውን ፍሬ ያገኘሁት። ይመስገን ዳነች። በማግስቱ አጥሩን ከሥሩ ነቀልነው። ምንጊዜም ልጅ ያልታወቀ ፍሬ በላ ከተባለ ቅርንጫፉን ከነፍሬው ቆርጣችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ልጅ፣ ውሻም ሆነ ፍየል በሌለበት ግቢ ዱራንታ ይሁንላችሁ። በየወሩ ከርክማችሁ እንደ ግድግዳ ከያዛችሁት ደግሞ አበባውን የሚያወጣው ጫፍ ስለሚቆረጥ ፍሬ ብዙም አታዩም፤ ያኔ አደጋው ይቀንሳል፣ ጌጡም አብሮ ይጠፋል።

በአጭሩ የማልፋቸው

ጌሾ ውበቱን የሚያይለት ሰው ያጣ ተክል ነው። ቅጠሉ ከሁሉም ይበልጥ ያብረቀርቃል፣ ፍሬው ቀልቶ ይጠቁራል፣ ከጓሮም ከፊትም ይሆናል። ጠላ የሚጠምቅ ቤት ግን ቅጠሉን ስለሚሸመጥጠው ፍሬውን አያየውም። አንዱን ለጋን፣ አንዱን ለዓይን ብላችሁ ሁለት ትከሉ።

ኮሽም ይበላል፣ ያጥራል፣ ግን ወደ ዛፍነት ይሄዳል፤ እሱም ወንዴና ሴቴው ለየብቻ ነው። ምሳር ገንፎ ፈረንጆቹ በገና ቀን ቤታቸውን ከሚያስጌጡበት ከሆሊ ጋር አንድ ወገን ነው፣ ፍሬውም ቀይ ነው፤ ዳሩ ግን የጫካ ግዙፍ ዛፍ ነውና ቦታው ጫካው ነው። ፒራካንታ የምትባለው እሾሃም ቁጥቋጦ ከተገኘች ፍሬዋ ከሁሉም ይደምቃል፤ የምታብበው ባለፈው ዓመት በበቀለ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ ግን ሰው ሳያውቅ ከርክሞ ፍሬ አጣሁ ይላል። ናንዲና ቀይ ፍሬዋ ሲያዩት ልብ ይሰርቃል፤ ሳያናይድ የሚባል መርዝ የሚያመነጭ ነገር ግን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ ይህን ፍሬ አብዝተው የበሉ በርካታ ወፎች ሞተው ተገኝተዋል። ወፍ ለሚወድ ሰው አትሆንም።

የወፍ ቆሎን ግን ማንም አይትከል። አበባው ያምራል፣ እሺ። ወፍ ፍሬውን በልታ ዘሩን በየሜዳው ትጥላለች፣ የግጦሽ መሬት ይውጣል፣ ከብትንም ይመርዛል። በግቢያችሁ ካለ ሳያፈራ ንቀሉት።

እንግዲህ የቱን?

ፀሐዩን ሳትለዩ ገንዘብ አታውጡ። ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ቀትር፣ ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ እየወጣችሁ ቦታው ጥላ ነው ፀሐይ ብላችሁ እዩ፤ አንድ ቀን ይበቃል። ከሰዓት ጥላ ካረፈ ቡና፣ ቀኑን ሙሉ የሚጋል ከሆነ ቀጨሞ፣ ከመንገድ ዳር ሆኖ ሰፊ ቦታ ካለ አጋም። ተከራይ ከሆናችሁና በሁለት ዓመት ውስጥ የምትለቁ ከሆነ ቀጨሞ አይደርስላችሁም፤ ቡናም ቢሆን የመጀመሪያ ፍሬውን የሚያሳየው በሦስተኛው ዓመት ገደማ ስለሆነ ዕድሜ ያለው ችግኝ በትልቅ ባልዲ ተክላችሁ ይዛችሁት ሂዱ። ኮንዶሚኒየም ላላችሁም ባልዲው ይሠራል። የባልዲውን ሥር በምስማር አምስት ስድስት ቦታ ብሱት፣ ታች ጠጠር ሳይሆን ደህና አፈርና ብስባሽ ሙሉት፣ የላይኛው አፈር በጣት ሲነካ ሲደርቅ ብቻ አጠጡት። ቡና ውኃ በቆመበት ይሞታል።

መሬት ላይ ለምትተክሉ፣ ጉድጓዱን አሁን በበጋው ቆፍሩ። ለቡና ወርዱም ጥልቀቱም 60 ሴንቲ ሜትር። የላይኛውን ጥቁር አፈር ለብቻ፣ የታችኛውን ቀዩን ለብቻ አድርጉት፤ ስትመልሱ ጥቁሩን ከብስባሽ ጋር ወደ ሥሩ አስገቡት። የምድጃ አመድ ግን ግንዱ ላይ አትከምሩ፤ ቡና ለስለስ ያለ ኮምጣጣ አፈር ይወዳል፣ አመድ ደግሞ ያንን ይገድላል። ችግኙን ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ መጀመሪያ ላይ፣ ዝናቡ ሲረጋ ትከሉ፤ ላስቲኩን ሳትቀዱ እንዳትተክሉ፣ ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። መስከረም ሲወጣ በሣር ወይም በሙዝ ቅጠል ጉዝጓዝ አልብሱት፣ ከግንዱ አንድ ስንዝር አርቃችሁ። የመጀመሪያው በጋ ነው የሚገድለው፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ማታ ማታ አንድ ጆግ ውኃ ከተሰጠው ያልፈዋል።

መቀስን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ያዙ፤ ፍሬው ሲያልቅ ቁረጡ፣ አበባው ሳይመጣ ጨርሱ። ቡና ከሆነ ከለቀማ በኋላ በየካቲት፣ ዝናቡ ሳይጥል። ልጥፍ ብሎ ወደ ላይ የሚሮጠውን ለጋ ግንድ በማንኛውም ጊዜ በእጃችሁ ገንጥሉት።

እትዬ የእንግሊዙን ፎቶ አሁንም በስልካቸው አቆይተውታል። ከበረንዳው አጠገብ፣ ከሰዓት ጥላ በሚያርፍበት፣ ሁለት 74110 ተከልን፤ ከበሩ በኩል ፀሐዩ ጋ ሦስት ቀጨሞ። ሁለቱ ፍሬ ይዘው የተገዙ ናቸው። ሦስተኛው ወንዴ ይሁን ሴቴ፣ አበባ ሲያወጣ ነጭ ወረቀት ይዤ እንድመጣ ነግረውኛል።